የተሞረደ ጠርዝ

ራስል ፔምብሪ ሞተር ብስክሌቱን ከመኪናው ላይ ሲያወርድ ዊልፍ አከሮይድ ከወርክሾፑ በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር፤ ገና ሲያየው ቀፈፈው። ሞተሩ ምንም አላጠፋም። እንዲያውም ያሳዝን ነበር። ስድሳ ዓመት የዮርክሽርን ጭቃ ሲልስ የኖረ የትራያል ውድድር ሞተር ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ሰም ይሁን ሽቶ የማይለይ ነገር ተቀብቶ፣ በነጭ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ መጣ። ዊልፍን የቀፈፈው ብርድ ልብሱ ነው። ሰባ አንድ ዓመት ሲኖር ሞተር ብርድ ልብስ ለብሶ አይቶ አያውቅም።

«ዊልፍ፣ ወንድሜ!» አለ ራስል እጁን ዘርግቶ።

ወንድሙ አልነበረም። ከሊድስ ከተማ የመጣ ረጅም፣ ጥርሱ እንደ ሞተሩ የተወለወለ ሰው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የስኬልጊልን እርሻ ከነጅረቱ፣ ከነቋጥኙ፣ ከነበጉ ገዛ። በጎቹን ሸጠ፣ የከብቶቹን በረት የእንግዳ መኝታ አደረገው፣ ቀጥሎ ደግሞ የአገሩን ጨዋታ ልጫወት ብሎ ይህን ሞተር ገዛ። ዊልፍ የግዱን ጨበጠው። መዳፉ ለስላሳና እርጥብ ነበር። ዊልፍ እጁን ወዲያው በሱሪው ጠረገ፤ ይታይብኛል ብሎም አልተሳቀቀም።

«ችግሬ ቁመቴ ነው» አለ ራስል። «ቆሜ ስነዳው መሪው ጉልበቴ ሥር ይገባል። ጀርባዬ ሊቀነጠስ ነው። የመሪው መቆንጠጫ ሁለት ጣት ወደ ፊት፣ አንድ ጣት ወደ ላይ ቢሄድልኝ ሰው እሆናለሁ።»

«ይኼማ ምን አላት! ግማሹ የሞተር ክለባችን አስደርጎታል። ድሮ የሚነዱት አጫጭሮች ነበሩ፤ ዛሬ ሁሉም ወይ ረዝሟል ወይ አርጅቷል። ቆርጬ አዲስ መቆንጠጫ እበይድልሃለሁ፣ ነገ ና ውሰደው።»

«አይ አይ። እንዳይታወቅ ነው የምፈልገው።»

«ማን እንዳያውቅ?»

ራስል ሳቅ ብሎ የነዳጅ ጋኑን እንደ ፈረስ አንገት ዳበሰው። «ያቺ ዋንጫ አምራኛለች።»

ያቺ ዋንጫ የሚላት የክለቡን «ያልተነካ» ዋንጫ ነው። ከጭብጥ የማትበልጥ፣ ጎኗ የተጨረመተ የብር ዕቃ ናት። በየዓመቱ በሚያዝያ፣ ውድድሩ ሳይጀመር በጠዋት፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ለኖረ ሞተር ትሰጣለች። ሰው ሻይ እንኳ አይጠጣባትም። ግን በዚያ ሸለቆ ከእሷ በላይ የሚከበር ነገር የለም፤ ዳኛዋ አምብሮስ ሜትካፍ ነውና። አምብሮስ ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው፤ ዓይኑ ከጠፋ ከርሟል። ሞተር የሚዳኘው በጣቶቹ ነው። አጎንብሶ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ይዳብሳል፣ ከብሎን ሥር ይገባል፣ ብየዳውን በጥፍሩ ይፍቃል፤ ቀና ብሎ «ይኼ አንገቱ የሌላ ነው» ካለ የሌላ ነው። የተከራከረው የለም፤ ተሳስቶ የተገኘበትም ጊዜ የለም።

ዊልፍን ቶርኖ ያስተማረው፣ የሞረድ አያያዝ ያሳየው እሱ ነው። ዊልፍ ፀጉሩ ነጥቶም ለአምብሮስ ዛሬም «አንተ ልጅ» ነው።

«አምብሮስን አታልልልኝ ነው የምትለኝ?» አለ ዊልፍ።

«ኧረ ማታለል ትልቅ ቃል ነው! አንድ ቁራጭ ብረት እኮ ነው። አሮጌ አስመስለህ ሥራልኝ ነው ያልኩህ። አየህ፣ ባለቤቴ የሞተር ጩኸት አትወድም። ጅረቱን ለክለቡ ውድድር ለምን ትፈቅዳለህ እያለች ጠዋት ማታ ትነዘንዘኛለች። እኔ ደግሞ ጎረቤት ይሻለኛል እላታለሁ። እንግዲህ ሁላችንም ትንሽ ትንሽ ብንረዳዳ…»

ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። መጨረስም አላስፈለገውም። ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል ይባላል፤ ዊልፍን ገና ሳይበላው አቃረው።

ሰውየው እንደሄደ ለክለቡ ጸሐፊ ለዶሪን ደወለ።

«ዶሪን፣ ይኼ የስኬልጊሉ ሰውዬ…»

«ዊልፍ፣ የኔ ውድ፣ ልትነግረኝ የፈለግከው ነገር ጅረቱን የሚያሳጣን ከሆነ እባክህ አትንገረኝ።»

«ሳትሰሚው?»

«ስላልሰማሁት ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። የታችኛው ሜዳ ዛፍ ተተከለበት፣ የድንጋይ ካባው ታጠረ፣ ቄሱ እንኳ የራሳቸውን መሬት ለድንኳን አዳሪዎች ሰጡ። ስኬልጊልም ከሄደ ክለቡን ዘግተን ካርታ እንጫወታለን። ኬክ ጋግሬያለሁ፣ ብቅ ብለህ ውሰድ» ብላ ዘጋችው።

ኬክ! ዊልፍ ስልኩን የሞተ አይጥ እንደያዘ ሰው በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አስቀመጠው። የሚያስጠላው ይኼ ነው። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም አላውቅም ይላል፣ ሁሉም ኬክ ይጋግራል።

ሦስት ቀን ሞተሩን ሳይነካ ቆየ። በአራተኛው ቀን ለአምብሮስ ስል ነው ብሎ ራሱን አሳመነ። ሰው ራሱን ለማሳመን ጠበቃ አያጣም። እውነትም አምብሮስ በዓመት አንድ ቀን ወጣት የሚሆነው በዚያ ጅረት ዳር ነው። ዊልፍ የዚያ ቦታ ታዛቢ ነው፤ አምብሮስ ክንዱን ይዞት ይወርዳል፣ ከጎኑ በታጣፊ ወንበር ተቀምጦ ያዳምጣል። ትራያል ሩጫ አይደለም። ነጂው ሞተሩ ላይ ቆሞ፣ በእግረኛ ፍጥነት፣ እግሩ መሬት ሳይነካ በቋጥኝና በውሃ መሐል ያልፋል። አንዴ ከነካ አንድ ነጥብ ይያዝበታል። ታዛቢው ንጹሕ ላለፈ እጁን ጨብጦ ያነሳል፣ ለነካ በጣቱ ያሳያል። አምብሮስ የጅረቱን ድንጋዮች በድምፃቸው ያውቃቸዋል፤ የነጂ ጫማ ጠጠር ሲነካ ከዊልፍ ዓይን የሱ ጆሮ ይቀድማል።

በዚህ ጨዋታ አንድ ሕግ አለ። ታዛቢ ካለ አለቀ። ቢሳሳትም አለቀ። የሚከራከር ሰው ሽንት ቤት ገብቶ እጁን ሳይታጠብ ማዕድ እንደቀረበ ሰው ነው የሚታየው። ዊልፍ ወጣት ሳለ፣ ታዛቢ በሆነ በመጀመሪያው ዓመት፣ አምብሮስ በዚሁ ጅረት ሲያልፍ የድንጋይ ጥላ እግር መስሎት አንድ ጣት አነሳበት። አምብሮስ አልነካም ነበር። በዚያች አንድ ነጥብ የዓመቱን ዋንጫ አጣ። ቆቡን ነካ አድርጎ ለታዛቢው ሰላምታ ሰጥቶ ሄደ። ከብዙ ዘመን በኋላ ዊልፍ ነገሩን ሲያነሳበት፣ «ታዛቢው አንተ ነበርክ፤ ታዲያ ምን ልበል?» ነበር ያለው።

ዊልፍ በዕድሜው ሥራ ጠልቶ አያውቅም ነበር፤ ይህን ግን ጠላው። የድሮው መቆንጠጫ የፊት ጎማውን የያዙትን ሁለት እግሮች ከላይ ከሚያያይዘው ድልድይ ጋር አንድ ላይ ቀልጦ የፈሰሰ ነው። ቆርጦ ቢበይደው አምብሮስ ጣቱ ሳይደርስ በአፍንጫው ያውቀዋል። ስለዚህ ድልድዩን ከነመቆንጠጫው ከአንድ ጉማጅ አልሙኒየም አዲስ ቀረጸ፤ መቆንጠጫዎቹን ሁለት ጣት ወደ ፊት፣ አንድ ጣት ወደ ላይ አድርጎ። እስከዚህ ድረስ መልካም ሥራ ነበር። ቶርኖው ላይ ሆኖ አንድ ሁለቴ ማፏጨቱን እንኳ አስተውሎ በራሱ ተናደደ።

ክፋቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ አምሮ የወጣውን ብረት ማጎሳቆል። የለሰለሰው ገጽ በአሸዋ ውስጥ የፈሰሰ እንዲመስል በሻካራ መዶሻ ጠቀጠቀው። በኮምጣጤና በከረመ ሻይ ዘፈዘፈው። የተቃጠለ ዘይትና የምድጃ አመድ ለውሶ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀባው። የድሮው ላይ የነበረውን የመፍቻ ቁልፍ ጠባሳ እያየ አዲሱም ላይ ያንኑ ጠባሳ አወጣ፤ ያልተወደቀ መውደቅ፣ ያልተኖረ ዕድሜ። ወርክሾፑ ከረፋ። ምሳ ሰዓት የሚወደውን የሥጋ ፓይ ገመጥ አድርጎ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሲለው ለውሻው ወረወረለት። ውሻውም አሽትቶ ትቶት ሄደ።

ጠርዙ ላይ ሲደርስ ተጠነቀቀ። አምብሮስ ድሮ ሲያስተምረው፣ «ሰው የሚነካው ብረት ሰው መንከስ የለበትም፤ ከመስጠትህ በፊት ጠርዙን አንዴ በሞረድ ዳብሰው» ይለው ነበር። ፋብሪካው ግን ለሰው እጅ ተጨንቆ አያውቅም፤ ጠርዙን ስለት አድርጎ ነው የሚሰደው። ስለዚህ ዊልፍም ስለቱን እንዳለ ተወው። ሲገጥመው አውራ ጣቱን ቆረጠው። ደሙን እየመጠጠ፣ «እሰይ፣ ልክ እንደ ፋብሪካው» አለ፤ የገዛ ድምፁ አስጠላው።

ራስል ሊወስደው ሲመጣ ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ «ጉድ! ጉድ! አንተ እኮ ሊቅ ነህ!» ብሎ ሊያቅፈው ተንደረደረ። ዊልፍ ሞረዱን እንደያዘ ወደ ኋላ ሸሸ።

የውድድሩ ቀን እንደ ወትሮው ዘነበ። ሞተሮቹ በስኬልጊል ግቢ በረድፍ ተደርድረዋል፤ ሰዉ በቆቡና በዝናብ ልብሱ ውስጥ ተሸሽጎ ከፔርሙስ ሻይ ይጠጣል። አምብሮስ በዊልፍ ክንድ ተደግፎ ከረድፉ ጫፍ ጀመረ። ዳበሰ፣ አለፈ፣ ዳበሰ፣ «ይህቺ ጭስ ማውጫ የዘንድሮ ናት» አለ፣ አለፈ። የራስል ሞተር ዘንድ ሲደርስ የዊልፍን ክንድ ለቀቀና አጎነበሰ። ጣቶቹ በነዳጅ ጋኑ ላይ ሄዱ፣ አንገቱን ያዙ፣ ድልድዩ ላይ ወጡ። መቆንጠጫዎቹን አንድ በአንድ ከበቧቸው፤ ከላይ ሄዱ፣ ከጎን ሄዱ፣ ከሥር ገቡ። እዚያ ቆሙ።

ቆዩ። ዊልፍ ኮምጣጤው አምብሮስን የሸተተው መሰለው። አግኘው፣ አለ በልቡ፤ አግኘውና ገላግለኝ።

አምብሮስ ቀና አለ። «ዊልፍ የት ሄደ?»

«አለሁ፣ እዚሁ ነኝ።»

«አንተ ልጅ፣ ጣቴን በርዶታል። ዓይን ያለህ አንተ ነህ። እዚህች መቆንጠጫ ላይ ታዛቢ ሁንልኝ። እንደወጣች ናት ወይስ ተነክታለች?»

ዶሪን የኬኩን ቆርቆሮ እንዳቀፈች ጫማዋን ማየት ጀመረች። የክለቡ ሰዎች ሁሉ ድንገት ሰማዩ፣ ዝናቡ፣ የሻይ ክዳኑ አሳሰባቸው። ጥርሱን ያልከደነው ራስል ብቻ ነው። ከግቢው ባሻገር ጅረቱ ይሰማል።

«እንደወጣች ናት» አለ ዊልፍ።

አምብሮስ ጆሮውን ወደ ዊልፍ አዞረ። ሌላ ቃል የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ከዚያ፣ «ታዛቢው ብሏል። ዋንጫው የዚህ ነው» አለ። ሰዉ አጨበጨበ፤ ዶሪን ከሁሉም ይበልጥ አጨበጨበች። ዊልፍ በእርጥብ ጓንት የሚጨበጨበው ያ ጭብጨባ እንደ ምራቅ ፊቱ ላይ ያረፈበት መሰለው።

ወደ ጅረቱ ሲወርዱ አምብሮስ ክንዱን ያዘው፤ ዛሬ ግን መንገዱን በምርኩዙ እየነካካ ብቻ ወረደ። ሌላ ጊዜ በየመንገዱ የሞተ ሰው ሁሉ ያማ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ሻይ ሲሰጡት በቃኝ አለ፣ አገጩን በምርኩዙ ላይ አስደገፈ። ነጂዎቹ በየተራ መጡ። ዊልፍ ጭብጥ አነሳ፣ ጣት አነሳ፣ ሰዉም አይቶ ሄደ።

ራስል መጣ። አቋቋሙ ያማረ ነበር፤ ያም ደግሞ ዊልፍን አንገበገበው። መሪው ወደ ፊት በመሄዱ ሰውየው ቀጥ ብሎ፣ ጉልበቱ ተፍታቶ፣ እውነተኛ ነጂ መስሎ ቆሟል። ጥሩ ሥራ በመጥፎ ሰው ላይ ሲያምር ከማየት የሚያስጠላ ነገር ዊልፍ አላየም። የመጀመሪያውን ድንጋይ ወጣ፣ ሁለተኛውን ዞረ፤ ትልቁ ቋጥኝ ላይ የፊት ጎማው አንሸራተተና የግራ ጫማው ጠጠሩ ውስጥ ቀጭ ብሎ ገባ። አምብሮስ ጭንቅላቱን ዘንበል አደረገ። ዊልፍ አንድ ጣቱን አነሳ።

ራስል ከማለፊያው ወጥቶ ሞተሩን አጠፋ። «አንድ? ምን አንድ? አልነካሁም!»

«ነክተሃል።»

«ውሃ ነው የረጨው! ዊልፍ፣ ወንድሜ፣ አስብበት እንጂ። የቆምክበት ጠጠር የማን እንደሆነ ጠፋህ?»

ዳር ላይ ተራ የሚጠብቁት ነጂዎች ሁሉ ሰሙት። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ጅረት ተሰምቶ አያውቅም። አምብሮስ ፊቱን ሳያዞር ተናገረ።

«አቶ ፔምብሪ፣ ጠዋት የታዛቢውን ቃል በሁለት እጅዎ ተቀብለው ዋንጫ ወስደዋል። ይኸው ያው ሰውዬ ነው፤ ያው አፍ ነው። ከሰዓት ሲሆን መረረዎት?»

ዳር ያሉት ሳቁ። ራስል ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ሞተሩን ሦስት ጊዜ ረግጦ ማስነሳት አቃተው፤ እየገፋው፣ «በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ጅረት ፈልጉ! በቃ፣ አልቋል!» እያለ ወደ ቤቱ ወጣ።

ዊልፍ ጣቱ አሁንም እንደተነሳ ነው። ጅረቱ ሄደ፤ ይሂድ። ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እውነቱን አሳየ። እየሳቀ አጎንብሶ የአምብሮስን ትከሻ መታ አደረገው።

«ደግ ነገርከው! አፉን አስያዝከው።»

«እጅህን ወዲህ በል» አለ አምብሮስ።

ዊልፍ ሰጠው። ሽማግሌው መዳፉን ገልብጦ አውራ ጣቱ ላይ ያለውን ጠባሳ አገኘው፤ ዳበሰው።

«ላይ ላዩን ስለት አድርገህ ትተኸዋል። ጎበዝ፣ ልክ እንደ ፋብሪካው። ኮምጣጤውንም አጥበኸዋል። ከሥር ግን፣ ከመቆንጠጫው በታች፣ ዓይን የማይደርስበት ጋ፣ ጠርዙ አንዴ በሞረድ ተዳብሷል። ያን የሚያደርግ በዚህ አገር ሁለት ሰው ነው። እኔ ደግሞ አልሠራሁትም።»

የዊልፍ ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። ከሥር መሞረዱን አያስታውስም። እጁ ብቻውን አድርጎታል።

«ካወቅክ ታዲያ ለምን ጠየቅከኝ?» አለ፤ ድምፁ ከራሱ ራቀበት።

«እውነቱን አንተ እንድትለው ነዋ!» አለ አምብሮስ። እንዲህ ሲቆጣ ዊልፍ ሰምቶት አያውቅም ነበር። «ተነክታለች ብትል ጅረቱ በዚያው ይሄድ ነበር። ይሂዳ! እኔ እዚህ የምመጣው ውሃ ልሰማ መሰለህ? ውሃ እቤቴም ቧንቧ አለኝ። ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ ያየሁትን ሁሉ ያየሁት ባንተ አፍ ነው። ነጋ ስትለኝ ነጋ ነው። ንጹሕ ነው ስትለኝ ንጹሕ ነው።»

«አምብሮስ፣ ላንተ ብዬ እኮ ነው። አሁንም አንድ አነሳሁበት፣ ሰምተሃል፤ እያስፈራራኝ አነሳሁበት።»

«እሱንማ ትጠላዋለህ። በጠሉት ሰው ላይ ጣት ማንሳት ምን ያቅታል?»

አምብሮስ እጁን መለሰለት፤ ከጭኑ ላይ ያነሳው ዕቃ ይመስል መለሰለት። ምርኩዙን ተክሎ ተነሳና፣ «ዶሪን! ዶሪን አለሽ ወይ?» ብሎ ተጣራ።

ዶሪን ከላይ በጭቃው እየተንሸራተተች መጣች። «አለሁ፣ የኔ ውድ። ምን ሆንክ፣ በረደህ?»

«ቤት አድርሺኝ» አለና ክንዷን ያዘ። ዓይኑ ከጠፋ ጀምሮ ከዚያ ጅረት ይዞት የሚወጣው የዊልፍን ክንድ ነበር። ዶሪን ዞራ ዊልፍን በዓይኗ ጠየቀችው፤ እሱ ዓይኗን ሸሸ። ቀስ ብለው ዳገቱን ወጡ። ታጣፊው ወንበር እዚያው ቀረ፤ ዝናቡ መቀመጫው ላይ ይጠራቀም ጀመር።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴትዮ ከዊልፍ ትሻላለች፤ እሷ ቢያንስ የጣለችው ከእግሯ ሥር ወድቆ ይገኛል። ዊልፍ ውሃው ውስጥ ቆሞ እጁን አየው። አፍንጫው ድረስ አምጥቶ አሸተተው። አምስት ጊዜ በሳሙና የታጠበ እጅ ነው፤ አሁንም ኮምጣጤ ሸተተው።

ከዳር አንዱ፣ «ታዛቢ! እንምጣ?» ብሎ ጮኸ።

ዊልፍ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አሮጌ ሞተር ይዞ አንድ ጎልማሳ ገባ። ትልቁን ቋጥኝ ቀስ ብሎ ወጣ፣ ጎማው ተንሸራተተ፣ መለሰው፣ እግሩ ምንም ሳይነካ ወጥቶ ዞሮ ወደ ታዛቢው ተመለከተ። ዊልፍ ያን እጁን ጨብጦ አነሳ። ሰውየው ጭብጡን አየ፣ አመነው፣ አመሰግናለሁ በሚል ራሱን ዝቅ አድርጎ ሄደ።